ዓርብ ዕለት የበላነው

ሬይኖልድስበርግ
ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሀሴት፤

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ቀለም አልጨርስም፤ በላክሽው ፎቶ ላይ ጉንጭሽ ራሱ መልሱን ሰጥቶኛል። ለትምህርት የሄድሽባት ቻይና ተስማምታሻለች። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ወገቤን፣ ጉልበቴንና ስኳሬን ማለቴ ነው፤ ስለ ጭንቅላቴ ግን አትጠይቂኝ።

ሦስት ጊዜ ደውለሽ አላነሳሁም፤ ይቅርታ። ስዋሽ ድምፄ ያሳብቅብኛል፤ እትዬሽ ማንያህልሻል ደግሞ ሁለት ግድግዳ አልፎ የሚሰማ ጆሮ አላት። ስለዚህ በእጄ ጽፌ፣ በስልክ ፎቶ አንስቼ በኢሜል እልክልሻለሁ። በፊደሌ አትሳቂ። አስተማሪ አልነበረኝም፤ ስደት ላይ ሳለሁ ከሰው መዝሙር ደብተር እየገለበጥኩ ለብቻዬ የለቀምኩት ነው።

አብዱረዛቅ ታሞ ነው ወይ ብለሻል። አልታመመም። ቢታመምማ ሾርባ ይዤ እሄድና አጠገቡ ቁጭ ብዬ አናድደው ነበር። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ በዲቪ በመጣሽ ዓመት መኪና መንዳት ያስተማረሽ፣ ባምፐሩን ስትሰብሪበት "ምንም አይደል፣ ድሮም አልወደውም ነበር" ያለሽ ሰውዬ። አሥራ ስምንት ዓመት በሱ ቶዮታ አብረን ሥራ ሄደናል። አሁን ግን ላጣው ነው መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓርብ ግሮቭፖርት ባለው ዌርሃውሳችን ማ የምትባል ቻይናዊት ጡረታ ወጣች። አሥር ዓመት አብራን ካርቶን ያሸገች፣ እንግሊዝኛዋ ከኔ የባሰ፣ ሥራዋ ከሁላችንም የተሻለ ሴት ናት። ከአብዱ ጋር ግን ይግባባሉ። አብዱ በብሬክ ሰዓት ከኋላው መደርደሪያ ጀርባ ሄዶ ይሰግዳል፤ እሷም በዚያው ሰዓት በዚያው በኩል ለሰባት ደቂቃ ትጠፋለች። ሲጋራ ልታጨስ ነው መሰለኝ። "እጮኛህ ሶላትህን ልትጠብቅልህ መጣች?" እያልኩ ስንት ዓመት አብሽቄዋለሁ። ይስቃል እንጂ መልስ ሰጥቶኝ አያውቅም።

በመጨረሻ ቀኗ ሁለት የኤሌክትሪክ ድስት ይዛ መጣችና ለመላው ሺፍት የአገሯን ምግብ ቀቀለች። አገሯ ደግሞ ያው አንቺ ያለሽበት ሺያን ነው። ዳምፕሊንግ ነው፤ ሱፐርማርኬት በረዶ ውስጥ የሚሸጠው ዓይነት ግን እንዳይመስልሽ። በጣት የተቆነጠጠ ስስ ሊጥ፣ ውስጡ አረንጓዴ ነገር የሚታይ፣ ኮምጣጤና በርበሬ ባለው ቀይ መረቅ ውስጥ የሚዋኝ፣ ላዩ ላይ ሰሊጥ የተነሰነሰበት። መጀመሪያ አፍንጫ ያስነፍጣል፣ ቀጥሎ ምላስ ያደነዝዛል፣ ከዚያ ድገም ድገም ያሰኛል። ሳህን አጠረና እኔና አብዱ ከአንድ ሳህን በላን።

የኛን ልማድ ታውቂያለሽ። ሥጋ ሲሆን እሱ የራሱን ምሳ ዕቃ፣ እኔም የራሴን እንከፍታለን፤ እሱ ሙስሊም ያላረደውን አይበላም፣ እኔ ሙስሊም ያረደውን አልበላም። ይሄ ከአባቶቻችን የመጣ ነው፣ ተጣልተንበት አናውቅም። ረቡዕና ዓርብ ግን ጾም ነው። ሽሮና ምስር ማንም አላረደውም፤ የዚያን ቀን አንድ ሳህን ነን። እንዲያውም ዓርብን ከኔ ይልቅ የሚናፍቀው እሱ ነው። የማ ምግብም ዓርብ ስለሆነ፣ አረንጓዴም ስለሆነ፣ የጾም ነው ብዬ ደመደምኩ።

የተረፈውን መረቅ በምሳ ዕቃዬ ይዤ ገባሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስከፍተው ነጭ ሞራ ረግቶበታል።

ዘይት እንዲህ አይረጋም። ቻይና ዳምፕሊንግ ውስጥ ምን ትከታለች ብዬ ስልኬን ጠየቅሁት። የአሳማ ሥጋ ነው አለኝ።

የኔስ ይሁን፤ ሁዳዴን የገደፈ ሽማግሌ ሆኜ ንስሐ እገባለሁ። አብዱስ? በዓርብ፣ በኔ ጠረጴዛ፣ እኔን አምኖ? ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሳይነግረኝ ወደ ሁለተኛው ሺፍት ተቀየረ። ስልክ አይደውልም። አውቆታል ማለት ነው። ሳላውቅ ነው ብዬ ብምልም አያምነኝም፤ የኦሃዮ ሕግ ዝናብ ለዘነበበት ቀን ጭማሪ ይከፍላል ብዬ ቢሮ ድረስ የላክሁት ሰው ነው። በዚያ ላይ ኤፕሪል ከገባ አራተኛ ቀኑ ነበር፤ ፈረንጅ የሚዋሽበት ሰሞን።

ማ ጋ ደወልኩ፤ ቁጥሯ ተዘግቷል፣ አገሯ ገብታለች። እንግዲህ ፕሮፌሰር፣ ያለሽው አንቺ ነሽ። ይሄ ምግብ በምን ሥጋ እንደሚሠራ ጠይቂልኝ። አንቺስ ራስሽ እዚያ የት ነው የምትበዪው? እትዬሽን ሞራው የኮኮናት ዘይት ነው ብያታለሁና እንዳታጋልጪኝ።

ግራ የገባው አጎትሽ
ጀማነህ


ሺያን
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ጀማነህ፤

ደብዳቤህን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከፍቼ ሳነበው ሳቄ አምልጦኝ ሁለት ሰው ዞሮ ገላመጠኝ። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ሳቄ ጠፋ። ጋሼ አብዱ ካንተ ተለይቶ ሥራ ሲሄድ ሊታየኝ አልቻለም።

አይ፣ አልተቆጣሁህም። ለእትዬም አልነግራትም፤ ግን የኮኮናቱ ነገር ብዙ የሚያስኬድህ አይመስለኝም።

ምግቡን አውቀዋለሁ። ኮምጣጣ መረቅ ያለው የዚህ ከተማ ዳምፕሊንግ ነው፤ ምግብ ፍለጋ ከአገር አገር የሚዞሩ ሰዎች እሱን ብለው እዚህ ይመጣሉ። በምን ሥጋ ነው ላልከው ግን ዝም ብዬ መልስ መስጠት አልፈልግም፤ ተሳስቼ የባሰ እንዳላደናግርህ። ቅዳሜ ሄጄ ጠይቄ እጽፍልሃለሁ። እስከዚያ ከዚህ ጋር የላክሁልህን አምስት ጥያቄ መልስልኝ። ሁሉንም። አንተ የሚያሳፍርህን ጥያቄ የመዝለል ልማድ አለህ።

እኔ ራሴ የት እንደምበላ ጠይቀኸኛል። እሱን ሌላ ጊዜ።

አንድ ነገር ልበልህ፤ ሰው ሳያውቅ የበላው ነገር በሱም ሃይማኖት አይቆጠርበትም ይባላል። ስለዚህ እባክህ ተኛ።

ሀሴት


ሬይኖልድስበርግ
ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀሴቴ፤

ዛሬ ሆሳዕና ነው። ዘንባባውን ጣቴ ላይ አስሬ ነው የምጽፍልሽ፤ ፊደሉ ከተጣመመ ጥፋቱ የኔ አይደለም።

ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። አንደኛ፣ አዎ፣ መረቁ ሲበዛ ኮምጣጣ ነበር፤ ትንንሽ የደረቀ የባሕር ነገርም ይዋኝበት ነበር፣ ዓይን ያለው። ሁለተኛ፣ በጣቷ የቆነጠጠችው እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው፤ የሳምቡሳ ታናሽ እህት በይው፣ ግን የተቀቀለች። ሦስተኛውን ዘልዬዋለሁ፣ አትቆጪ። አራተኛ፣ ሙሉ ስሟን አላውቅም፤ ደረቷ ላይ ማ ብቻ ነው የተጻፈው፣ እኛም ማ ነው የምንላት። አምስተኛ፣ ፎቶዋን ልኬልሻለሁ፤ በመሰናበቻ ኬኳ ጀርባ የቆመችው ናት። ኮፍያዋን አየሽ? ዌርሃውሱ ውስጥ ሁላችንም ነን ኮፍያ የምናደርገው፤ እሷ ግን እስከ ጆሮዋ ነው የምትደፋው። አሥር ዓመት ፀጉሯን አይቼ አላውቅም። ራሰ በራ ናት እያልኩ እቀልድ ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ንስሐ አባቴ ጋ ሄድኩ። ለፋሲካ ልቆርብ ነበራ። የሆነውን ስነግርሽ ሳቂ፤ እኔ ስቄ አልወጣልኝም።

"አባ፣ ጾም ገድፌያለሁ" አልኳቸው።

"በምን?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቅም? በልተህ የለም ወይ?"

"በልቻለሁ። የምን ሥጋ እንደሆነ ነው የማላውቀው።"

"የበሬ ነው?"

"ሊሆን ይችላል።"

"የበግ?"

"እሱም ይሆናል። አሳማም ሊሆን ይችላል።"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "ጀማነህ፣ ለኑዛዜ ነው የመጣኸው ወይስ ለዕንቆቅልሽ?" አሉኝ። እሳቸውም አያምኑኝም፣ ይታይሽ! "ሂድና አጣርተህ ና" ብለው አሰናበቱኝ። ስለዚህ ዘንድሮ አልቆርብም። ኃጢአት ሠርቼ ስሙን ሳላውቅ የቀረሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ትናንት አብዱን በሩቅ አየሁት። እኔ ከሥራ ስወጣ እሱ ሲገባ፣ በፓርኪንጉ ማዶ ለማዶ። እጄን ላነሳ ነበር። እሱ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሠረ። ሀሴት፣ አብዱ የሚያደርገው ጫማ ክር የለውም።

ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ


ሺያን
ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ሦስተኛውን ጥያቄ ዘልለኸዋል። አልረሳሁትም።

አሁን የኔ ተራ ነው፤ የት እንደምትበዪ ላልከኝ ልመልስልህ። እዚህ ስመጣ የመጀመሪያውን ወር በነጭ ሩዝና በሙዝ ነው ያሳለፍኩት። የምገባበት ቤት ሁሉ አሳማ ነው፤ ጎመኑ ውስጥ ሳይቀር አለ። በኋላ አንድ ጓደኛዬ ከከበሮው ግንብ ጀርባ ወዳለው ሰፈር ወሰደችኝ። እዚያ አሳማ የሚባል ነገር አይገባም። ምክንያቱም ሰፈሩ የሙስሊሞች ነው፤ ቻይናውያን ሙስሊሞች፣ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ። ከጥቅምት ጀምሮ በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ ሥጋ እበላለሁ። ከአሳማው ሸሽቼ የሄድኩበት ቤትም ለኛ የማይሆን ሆነ። የቱን ልሽሽ? ለማንም ሳልናገር ቆይቻለሁ። ብትቆጣም ባትቆጣም አሁን አንተ አወቅህ።

ያንተ ምግብ ደግሞ የሚሸጠው እዚያው ነው። ጠባብ መንገድ ናት፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ጎብኚ፣ ዳቦ በወንፊት የተሸከመ ሰው፣ የበግ ጥብስ ጭስ። አንዲት ቤት ስድስት ጠረጴዛ አላት። ባለቤቷን "አዪ" እላታለሁ፤ እዚህ እትዬ እንደማለት ነው። ሳህኑን መጀመሪያ ባዶውን ትደረድርና ኮምጣጤውን፣ የበርበሬ ዘይቱን፣ ሰሊጡን፣ የደረቀችውን ዓይናማ ሽሪምፕህን ትጨምርበታለች፤ ከዚያ የፈላ ውኃ ስትገለብጥበት ሽታው መንገድ ላይ ያለውን ሰው ያስቆማል። ዳምፕሊንጉ በመጨረሻ ነው የሚገባው። አጠገቤ የነበረ አንድ ሰው ከሌላ ከተማ አራት ሰዓት በባቡር መጥቶ ሦስት ሳህን በልቶ ተመለሰ።

"በምን ሥጋ ነው የምትሠሩት?" አልኳት። "በበሬ ወይም በበግ፣ ሌላ በምን ሊሆን ነው?" ብላ እንደ ሞኝ አየችኝ። ይህን ስሰማ ልጽፍልህ ሮጬ ልወጣ ነበር። ግን "ከዚህ ሰፈር ውጪስ?" ስላት ትከሻዋን ነቀነቀች፤ ሌላው ሰፈር በአሳማም ይሠሩታል አለችኝ። ፎቶውን አሳየኋት። "ኮፍያ የደፋች ሴት" አለች፤ ሌላ ምንም። ስሟ ማ ነው ስላት ግን ሳቀች። ማ እዚህ የቤተሰብ ስም ነው። ባሏ ማ ነው። ዳቦ ሻጩም ማ ነው። ማዶ ያለው ሥጋ ቤትም የማ ነው። ማ የተባለ ሁሉ ሙስሊም ነው ማለት አይደለም፤ በዚያች መንገድ ላይ ግን እንዲያ ይመስላል።

ስለዚህ ጋሼ፣ ቁርጡን አላውቅም። ግን እስቲ አስብ፤ ያቺ ሴት ከመደርደሪያው ጀርባ በእርግጥ ሲጋራ ነበር የምታጨሰው? አሽታ ታውቃለህ?

ሀሴት


ሬይኖልድስበርግ
ሚያዝያ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሀሴቴ፣ እንኳን አደረሰሽ፤

ሲጋራ ሲጋራ ሸታ አታውቅም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ አፍንጫዬን ስረግም ነው የሰነበትኩት። አሥር ዓመት! ሰባት ደቂቃ፣ በየቀኑ፣ በሱ ሰዓት! ሰዓት የያዝኩባቸው እኔ፣ ደቂቃውን የቆጠርኩት እኔ፣ ያልገባኝም እኔ። ለነገሩ ቻይናዊ ሙስሊም አለ ብሎ ማን ነገረኝ?

ቀለለኝ መሰለሽ? የባሰ ተደናገርኩ። ማ ሙስሊም ከሆነች ሥጋው ለአብዱ ንጹሕ ነው። እሷንም ያውቃታል፣ ሥጋውንም ያውቀዋል። የረከስኩት እኔ ብቻ ነኝ። ታዲያ የሸሸው እሱ ለምንድን ነው? መሸሽ የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኔም ሸሽቻለሁ፤ ግን እኔ የሸሸሁት እሱ ስለሸሸ ነው። እያሰብኩት ስዞር ሽሮዬ ውስጥ ስኳር ጨመርኩ። ማንያህልሻል ቀምሳ "ይሄም ኮኮናት ነው?" አለችኝ።

እዚያ ደግሞ ሰባት ቤት ብትጠይቂና አንዷ ብቻ አሳማ ብትልሽ፣ ማ በየትኛው እንደሠራችው በምን እናውቃለን? ቁርጡን የሚያውቀው እዚህ ነው ያለው። ከቤቴ አሥር ደቂቃ። አንቺ ደውለሽ ብትጠይቂልኝስ?

ትናንት ፋሲካ ነበር። በየዓመቱ ለአብዱ ለብቻው ዓሣ እንጠብሳለን፤ ዓሣ ማንም አይባርከውም፣ ለሱም ለኔም ይሆናል። እሱ ደግሞ ሦስት ሊትር ለስላሳ ይዞ ይመጣና ከዶሮው ማዶ ተቀምጦ በእትዬሽ ወጥ ሽታ ይቀልዳል። ዘንድሮም ማንያህልሻል ሳትጠይቀኝ ዓሣውን ጠብሳ ነበር። ከሰዓት ድረስ ጠበቀች። ከዚያ በፎይል ሸፍና ፍሪጅ ውስጥ ከተተችው። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር።

እሺ፣ ሦስተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። "ሳህኑን ማን አመጣው?" ነው ያልሽው። ሳህን አጠረ ብዬሽ ነበር። አላጠረም። ሳህን ሞልቶ ነበር። ሠልፍ መቆም ሰልችቶኝ ተቀምጬ ነበር፤ አብዱ ሄዶ ለራሱ ይዞ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ማንኪያዬን ሳህኑ ውስጥ ከተትኩ። ያው አመሌን ታውቂው የለ። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከዚያ ዘጋው። እኔ ሳቅሁበት።

አሁን ሳስበው ምናልባት የተቀየመኝ ለዚህ ይሆን? አሥራ ስምንት ዓመት ከሳህኑ ስነጥቀው ኖሬ፣ በቃው ይሆን?

አላውቅም። ምንም አላውቅም።

ጀማነህ


ሺያን
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ፤

ይህ አጭር ነው፤ ፈተና አለብኝ። ከዚያ ሁሉ ጥያቄህ አንዱን ብቻ ልመልስ፤ አይ፣ እኔ አልደውልለትም። በሌላ ሰውም አላስጠይቅልህም።

ጋሼ አብዱ መንዳት ሲያስተምረኝ ወደ ኋላ ስሄድ መስታወት ብቻ አይቼ ባምፐሩን ሰበርኩበት። ያኔ ምን እንዳለኝ ታስታውሳለህ? "በመስታወቱ አትተማመኚ፣ ዞረሽ እዪ።" አንተ ሦስት ሳምንት ሙሉ በመስታወት ስታየው ከረምክ፤ በኔ፣ በስልክህ፣ በአዪ፣ በአባ። መኪናው ውስጥ ግባና ዞረህ እየው።

እኔ ያለሁበት ሰፈር የማውቀው ሰው የለኝም፤ ሁሉም ማ ነው። አንተ ጋ አንድ አብዱረዛቅ አለ።

ሀሴት


ሬይኖልድስበርግ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለአለቃዬ፤

ምን ሆነ ብለሽ አራት ጊዜ ጽፈሽልኛል። ዝም ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ትንሽ አንጠልጥዬሽ ነበር፣ ይቅር በዪኝ። አመሌ ተመልሷል ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት የኔ ሺፍት አልቆ የሱ ሊጀምር ሲል ፓርኪንግ ቆሜ ጠበቅሁት። ቶዮታው ገባ። ሞተሩን ሳያጠፋ በሩን ከፍቼ የድሮ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሩ እኔ እንዳስተካከልኩት ነው፤ ሦስት ሳምንት ማንም አልተቀመጠበትም።

"ጀማነህ፣ ይረፍድብኛል" አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።

"ይርፈድብህ። አብዱ፣ አሳማ አበላሁህ ብዬ እንቅልፍ ካጣሁ ስንት ቀኔ ነው።"

ዞረ። "ምን አበላኸኝ?"

"አሳማ።"

"የት?"

"የማ ድስት ውስጥ ነዋ!"

ሀሴት፣ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ላዩ ላይ ጣለው። ያለቀሰ መሰለኝ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ነበር። ቀና ሲል ዓይኑ በሳቅ እንባ ሞልቷል።

"አንተ ሰውዬ፣ አሥር ዓመት ሙሉ ከኋላዬ ቆማ ስትሰግድ ምን የምትሠራ መስሎህ ነበር?"

"ሲጋራ የምታጨስ።"

"ጭስ የለ፣ ሽታ የለ?"

"ቻይና የማይሠራው ነገር አለ? ጭስ የሌለው ሠርተው ይሆናል ብዬ ነዋ! ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተ የማታውቀው እኔ የማውቀው አንድ ነገር እንኳ ይኑረኝ ብዬ። የዝናብ ክፍያውን የረሳሁት መሰለህ? ቢሮው መስኮት ጋ ቆሜ ቀኖቹን ቆጥሬ ለጸሐፊዋ ሰጥቻት ነበር እኮ።"

ከዚያ ሳቁ ድንገት አለቀበት። "የበግ ሥጋ ነው" አለኝ። "ለኔ ምንም የለበትም። ያጠፋሁት ባንተ ላይ ነው።"

ድስቱ ሁለት ነበር ብዬሽ አልነበር? ትንሹ የኔ ነበር። ባሮ ሽንኩርትና ቶፉ፣ ያ ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሳይ፤ ማ "ለጀማነህ" ብላ ለብቻው የቀቀለችው፣ ረቡዕና ዓርቤን አሥር ዓመት ስታይ ኖራ። አብዱ ተራው ሲደርስ ትንሹን ድስት ሌሎቹ ጠርገውታል። የራሱን ይዞ መጣ። የጾሙ አለቀ ሊለኝ አፉን ሲከፍት የኔ ማንኪያ ሳህኑ ውስጥ ገብታለች።

"ለምን አላስቆምከኝም?" አልኩት።

የሱ ሺፍት ሰዎች እያለፉ መስኮቱን ያንኳኳሉ፤ አላያቸውም።

"ላስቆምህ ነበር" አለኝ። "ቀና ብዬ ሳይህ ላብህ ይንጠፈጠፋል፣ ትስቃለህ፣ 'የቻይና ሶያ ጉድ ነው' ትላለህ። አሥራ ስምንት ዓመት ሥጋ ከአንድ ሳህን በልተን አናውቅም። አንድ ደቂቃ ብቻ ልየው ብዬ ዝም አልኩ። ደቂቃዋ ካለፈች በኋላ እንዴት ይነገራል? በሁዳዴ፣ በዓርብ፣ ጾምህን አስገደፍኩህ። ሰኞ እንዴት አብሬህ ልንዳ? በየመንገዱ ደስ ብሎህ ስለዚያ ምግብ ልታወራልኝ ነው።"

እኔ እሱን አረከስኩት ብዬ ስሸሽ፣ እሱ እኔን አረከስኩት ብሎ ሲሸሽ፣ ሳህኑን ነጥቄ የበላሁት ደግሞ ራሴ። በመጨረሻ "ጫማህ ክር የለውም" አልኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። "ሌላ ምን ላድርግ? ከፊት ለፊት መጣህብኝ።"

ሱፐርቫይዘሩ ኮል አደረገለት። "የት ነህ?" ሲለው "የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኛል" አለው። ቤተሰቡ አጠገቡ ተቀምጦ አፍንጫውን ይጠርግ ነበር። ከዚያ ወደ ቤት ወሰድኩት። ማንያህልሻል በሩን ከፍታ ሁለታችንንም አየችና ለሱ "ዓሣው ተበላሽቶ ጣልኩት፣ ሌላ እጠብሳለሁ፣ ግባ" አለችው። ለኔ ደግሞ "ኮኮናት ይሸታል፤ ያ በግ በግ ነበር የሚሸተው" አለችኝ። ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ጋ ቀረብኩ። "አጣራህ?" አሉኝ። "አዎ አባ። የበግ ሥጋ ነው፣ ከወዳጄ ሳህን ነጥቄ።" ስንት በላህ ሲሉኝ ዘጠኝ አልኩ። ለአብዱ ስነግረው "አሥራ አንድ ነው፣ ቆጥሬያለሁ" አለኝ፤ ተመልሼ ለማረም አፍሬአለሁ። አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ አይጾምም፤ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ሰባት ቀን ተጨማሪ ጾም ሰጥተውኛል። "ስለ ሥጋው ነው ስለ መንጠቁ?" ብላቸው "አንተ ራስህ አካፍለው" አሉኝ።

ስለ ራስሽ የጻፍሽልኝን ነገር በተመለከተ፣ ምን ልበልሽ? እኔ በማንም ላይ የምፈርድበት ወር አይደለም። አንቺ ቢያንስ የምትበዪውን ጠይቀሽ ነው የምትበዪው። ለአባ ልንገርልሽ ወይስ ስትመጪ ራስሽ ትነግሪያቸዋለሽ? የፈለግሽውን ጻፊልኝ።

አሁን ግን አንድ ትእዛዝ አለኝ። አብዱ ከሰኔ ጀምሮ ወደ ጠዋቱ ሺፍት ይመለሳል። ሰባቱንም ቀን አብሬህ የጾም እበላለሁ ብሎኛል፤ ሽሮ ግን በቃኝ፣ በማ ትንሽ ድስት የነበረውን ነው የምፈልገው ይላል። እኔም አልቀመስኩትም፤ የኔ ተብሎ ተቀቅሎ ሌላ ሰው የበላው። አዪን ጠይቂያት፤ ባሮ ሽንኩርቱ ስንት፣ ቶፉው ይጠበሳል ወይስ እንዲሁ ይፈጫል፣ ኮምጣጤው መቼ ይገባል፣ ያቺ ዓይናማ ነገር ትቅርብን። ሁሉንም ለሁለት ሰው አድርገሽ ጻፊልን።

ሳህን ግን አንድ ነው የምናቀርበው። እኔ ማንኪያዬን የምከተው እሱ "ብላ" ካለኝ በኋላ ነው።

አጎትሽ ጀማነህ